ጥሪው የደረሳቸው፣ ድግሱ ያልደረሳቸው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ሰርግ ሲጻፍ ወሬው ዲኮር፣ ቬሎና የአዳራሽ ኪራይ ነው። ይህን ደብዳቤ የምንልክላችሁ በድግስ ዝግጅት ሥራ ላይ የተሰማራን ሰዎች ነን። እንዲወራ የምንፈልገው ግን ሌላ ነገር ነው፦ የተጠሩት ሁሉ ገብተው፣ ተቀምጠው፣ ሰምተው፣ በልተውና ፎቶ ተነሥተው ይመለሳሉ ወይ?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን ሰዎች፣ ማለትም ከ6 ሰው አንዱ፣ ጉልህ የአካል ጉዳት አለባቸው። ይህን ምጣኔ 300 ሰው በተጠራበት ሰርግ ላይ ብናሰላው 50 እንግዳ ይሆናል። ሰርግ ደግሞ ከየቤቱ አረጋውያን የሚወጡበት ቀን ነው፤ ጉልበታቸው የደከመ፣ ጆሯቸው የከበደ፣ ዓይናቸው የፈዘዘ፣ ግን ራሳቸውን አካል ጉዳተኛ ብለው የማይጠሩ ዘመዶች ሲጨመሩበት ቁጥሩ ከዚያም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 30 ላይ በባህላዊ ሕይወትና በመዝናኛ እኩል መሳተፍን መብት አድርጎታል።

እንግዳ ከድግስ የሚገለለው አብዛኛውን ጊዜ በክፋት አይደለም፤ በሥራው ቅደም ተከተል ነው። አዳራሹ ይያዛል፣ ቀብድ ይከፈላል፣ ዲኮሩ ይመረጣል፣ ጠረጴዛው ይደረደራል፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣው አጎት የሚታወሰው በዕለቱ ደረጃው ሥር ሲደርስ ነው። በዚያ ሰዓት የቀረው መፍትሔ ሰውየውን ማንሣት ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከቀብዱ በፊት መምጣት አለበት።

አዳራሽ ለማየት ስትሄዱ ሜትር ያዙ። መግቢያው ላይ ያሉትን ደረጃዎች ከፍታ ደምሩና በ12 አባዙት፤ የሚያስፈልገው የመወጣጫ (በደረጃው ፈንታ ጎማ የሚሄድበት ተዳፋት) ርዝመት ያ ነው። እያንዳንዳቸው 15 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 3 ደረጃዎች ካሉ ከፍታው 45 ሴንቲ ሜትር፣ መወጣጫው ደግሞ 5 ሜትር ከ40 ነው። ብዙ ቦታ የሚገጥመን ግን አንድ ሜትር የማትሞላ ጣውላ ናት። እንዲህ ያለ ዳገት ላይ ወንበሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ የሚገፋውም ሰው አብሮ ይወድቃል። መወጣጫው ወርዱ ከ90 ሴንቲ ሜትር ባያንስ፣ ጎንና ጎኑ ጎማ እንዳይንሸራተት ጠርዝ ቢኖረው፣ ከላይና ከታች ደግሞ ወንበሩ የሚያርፍበት 1.5 ሜትር ያህል ሜዳ ቢተርፍ ጥሩ ነው። በሳሙና የታጠበ ወይም ዝናብ የነካው የብረት መወጣጫ ያንሸራትታል፤ ላዩ ላይ ሸካራ ነገር ይለጠፍበት።

«ልጆች አሉን፣ አንሥተው ያስገቧቸዋል» የሚለውን መልስ አትቀበሉ። የተሽከርካሪ ወንበር የእጅ መደገፊያና የእግር ማሳረፊያ ብዙ ጊዜ ተነቃይ ነው፤ የማያውቅ ሰው እሱን ይዞ ሲያነሣ ይነቀልና ሰውየው መሬት ላይ ይገኛል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ወንበሮች ደግሞ ሰው ሳይጨመርባቸው ከ100 ኪሎ የሚበልጡ አሉ። ከዚህም ሁሉ በላይ፣ ለብሶና አምሮ የመጣን ትልቅ ሰው በሕዝብ ፊት እንደ ዕቃ መሸከም ክብሩን መንካት ነው። በኩሽና በር፣ በቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ማስገባትም ያው ነው።

በሩን ስትለኩ የሚለካው ክፍተቱ ነው፤ በሩ ተከፍቶ ሳለ ከመዝጊያው ፊት እስከ ወዲያኛው መቃን ቢያንስ 82 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ባለ ሁለት መዝጊያ በር ሆኖ አንደኛው ሁልጊዜ የተቀረቀረ ከሆነ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ጠይቁና በዕለቱ እንዲከፈት በውሉ ላይ አስጽፉ። ሊፍት ካለ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሊፍቱንም ይይዝ እንደሆነ አጣሩ። አዳራሹን ብቻ የሚይዝ ጄኔሬተር ብዙ ነው።

መጸዳጃ ቤቱን በአካል ገብታችሁ እዩ። «አለን» የተባለው ሰፊው መጸዳጃ ቤት ተቆልፎ የተረፈ ወንበርና የአበባ ማስቀመጫ የሚከማችበት መጋዘን ሆኖ ታገኙታላችሁ። ውስጡ ተሽከርካሪ ወንበር የሚዞርበት ዲያሜትሩ 1.5 ሜትር የሆነ ባዶ ወለል፣ በመቀመጫው ጎንና ጀርባ በግድግዳው ላይ በደንብ የታሰረ የብረት መያዣ ያስፈልጋል። መዝጊያው ወደ ውጭ ቢከፈት ይመረጣል፤ ውስጥ ሰው ቢወድቅ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር በወደቀው ሰው ላይ ይደገፍና አይከፈትም። የሚመች መጸዳጃ ቤት ከሌለ እንግዳው ከጠዋት ጀምሮ ውኃ ሳይጠጣ ይመጣል፣ ወይም በጊዜ ይሄዳል። ለምን ቶሎ ሄደ ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም።

አሁን ወደ ጠረጴዛዎቹ እንግባ፤ ትልቁ ችግር የሚፈጠረው እዚህ ነውና። የአዳራሽ ባለቤት «800 ሰው ይይዛል» ሲል ወንበር ከወንበር ጀርባ ለጀርባ ተጣብቆ ነው። አሥር ሰው የሚያስቀምጠው ክብ ጠረጴዛ ዲያሜትሩ 180 ሴንቲ ሜትር ነው። የተቀመጠ ሰው ከጠረጴዛው ጠርዝ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይይዛል። በሁለት ጠረጴዛዎች መካከል 60 እና 60 ለተቀማጮች፣ 90 ደግሞ ለመተላለፊያ ስትሉ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 2 ሜትር ከ10 ይሆናል። ይህ በአዳራሹ ሁሉ አያስፈልግም። ከዋናው በር ተነሥቶ ወደ መድረኩ፣ ወደ ምግቡና ወደ መጸዳጃ ቤቱ የሚያደርስ አንድ የማይቋረጥ መንገድ ይበቃል። ዋጋው አንድ ወይም ሁለት ጠረጴዛ መቀነስ ነው። ይህን መንገድ በአቀማመጡ ንድፍ ላይ በቀይ አስምሩበት፤ ያልተሰመረ መንገድ ዘግይተው በሚመጡ እንግዶች ተጨማሪ ወንበር ይዘጋል።

በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ እንግዳ የሚቀመጠው ከቤተሰቡ ጋር፣ አንድ ወንበር ተነሥቶለት ነው። የጠረጴዛ ልብስ መሬት የሚጠርግ ከሆነ ጎማው ይዞ ይጎትተዋል፤ ያን ጊዜ ብርጭቆውም ሻማውም አብሮ ይመጣል። እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ጨርቁን አሳጥሩት። ከወለሉ እስከ ጠረጴዛው ሥር 70 ሴንቲ ሜትር ክፍት ከሌለ ጉልበቱ አይገባም፣ ሳህኑም ይርቅበታል። ቆመው የሚጠጡባቸው ከ1 ሜትር በላይ የሆኑት ረጃጅም ጠረጴዛዎች ባሉበት አቀባበል ላይ ደግሞ አጠገባቸው ዝቅ ያለ ጠረጴዛና ወንበር ይኑር። ይህ ለነፍሰ ጡርም፣ ወገቡን ለሚያመውም፣ ክራንች ለያዘም ነው።

ዲኮሬተሮች ይህን ቢሰሙን ደስ ይለናል። ወፍራም ቀይ ምንጣፍ ጎማ ያሰምጣል፣ የሰው ሠራሽ እግርን ጫፍ ይይዛል፤ ጸጉሩ ከ13 ሚሊ ሜትር ያላለፈ፣ ጠርዙም በሙሉ በፕላስተር የተያዘ ይሁን። የመግቢያውን ቅስት ምሰሶዎች ከማቆማችሁ በፊት በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ለኩ። መስታወት የሚመስል ወለል ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ውኃ ወይም ጉድጓድ ይመስላል፤ ይፈሩታል፣ ሲረግጡትም ይንሸራተታሉ። ነጭ ደረጃ በነጭ ጨርቅ ሲሸፈን ደረጃነቱ ይጠፋል፤ ጫፍ ጫፉ ላይ ጠቆር ያለ ሪባን መለጠፍ መውደቅን ያስቀራል።

ሙሽሮቹ የሚቀመጡበት መድረክ ለብቻው መነሣት አለበት። ሁሉም ሰው ወጥቶ ፎቶ ሲነሣ የማይወጡት ከታች ሆነው ያያሉ። መድረኩን ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ማውረድ ይቻላል፤ 2 ሜትር ከ40 መወጣጫ ይበቃዋል። እኛ ግን የምንመርጠው ሌላውን ነው፦ ሙሽሮቹ ወደ ወለሉ ወርደው ከሁሉም እንግዳ ጋር እዚያው እንዲነሡ በፕሮግራሙ ላይ ከመጀመሪያው ማስገባት። ወጪ የለውም፣ ማንንም ለይቶ አያሳይም፣ ሰልፉም ይፈጥናል።

ወደ ድምፅ እንለፍ። የመስማት ችግር ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት የምልክት ቋንቋ ተናጋሪዎችን ብቻ ነው። በሰርግ ላይ በብዛት ያሉት ግን በዕድሜ ምክንያት ጆሯቸው የከበደና የመስሚያ መሣሪያ ያደረጉ ናቸው። መሣሪያው ሙዚቃውንም፣ ጫጫታውንም፣ ንግግሩንም አንድ ላይ ያጎላዋል። ስለዚህ አረጋውያንን ለክብር ብሎ ፊት ለፊት፣ ከሞንታርቦው ሥር ማስቀመጥ ክብር አይሆንላቸውም። አራት ግዙፍ ድምፅ ማጉያ መድረኩ ላይ ከመደርደር በርከት ያሉ ትንንሾችን በአዳራሹ ውስጥ በዝቅተኛ ድምፅ ማከፋፈል ይሻላል፤ ኋላ ያለው ይሰማል፣ ፊት ያለው አይደነቁርም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለመዝናኛ ቦታዎች ያወጣው መመዘኛ አማካዩ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍና ጸጥ ያለ ማረፊያ እንዲኖር ይጠይቃል። ዲጄው በስልኩ ላይ የድምፅ መለኪያ ቢጭን ግምቱን ያውቃል። ንግግር የሚያደርግ ሁሉ ማይክ ይያዝ። «ድምፄ ይሰማል፣ ማይክ አልፈልግም» የሚል ተናጋሪ የሚሰማው ለሚሰሙት ብቻ ነው።

የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ሲያስፈልግ የሚቀጠሩት ሁለት ናቸው። ይህ ሥራ አእምሮንም እጅንም ስለሚያደክም በየ20 ደቂቃው ገደማ ይፈራረቃሉ፤ አንድ ሰው ብቻውን ሲተረጉም ሲቆይ መጀመሪያ የሚጎድለው ትክክለኛነቱ ነው። የንግግሮቹን ጽሑፍና የሰዎቹን ስም ከቀናት በፊት ስጧቸው። ቦታቸው ከተናጋሪው ጎን ነው፤ ከኋላቸው የሚብለጨለጭ ዲኮር አይኑር። አዳራሹ ለጭፈራ ወይም ለፊልም ሲጨልም ደግሞ በእነሱ ላይ የሚበራ ቋሚ መብራት ይተው። ይህቺን መብራት መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ከፍላችሁ ያመጣችሁት አስተርጓሚ በጨለማ ውስጥ እጁን ያንቀሳቅሳል። በስክሪን የሚታይ የሙሽሮች ፊልም ካለ ጽሑፍ ይግባበት።

የጭፈራ መብራት በሴኮንድ ከ3 ጊዜ በላይ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ የሚጥል በሽታ ያለበትን አንዳንድ ሰው ሊጥል ይችላል። በጥሪው ላይ አሳውቁ፤ ቢቻል ተዉት። ጫጫታና መብራት ለሚያስጨንቃቸው ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች፣ ለሚያጠቡ እናቶችና ማረፍ ለሚፈልጉ አረጋውያን አንድ ትንሽ ክፍል ከጥቂት ወንበሮች ጋር ክፍት ይሁን። የክፍሉ መኖር በመድረክ መሪው በኩል ካልተነገረ ግን ማንም አይገባበትም።

ዓይነ ስውራን እንግዶች የሚገለሉት ገና ከጥሪ ካርዱ ነው። አሁን ካርድ በስልክ በፎቶ መልክ ይላካል፤ የስልኩ አንባቢ ፕሮግራም ፎቶ ላይ ያለውን ጌጠኛ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ አያነብም። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ከሥሩ በተራ ጽሑፍ ጻፉት፤ ከዚህ የቀለለ ሥራ የለም። አስተናጋጆች ደግሞ ይህን ይማሩ፦ እጅ መጎተት የለም፣ ክንዳችሁን ስጡና እሱ ይያዛችሁ። ስታስቀምጡት እጁን የወንበሩ ጀርባ ላይ አሳርፉ። ሳህን ስታቀርቡ ምን የት እንዳለ ንገሩት፤ ሳህኑን እንደ ሰዓት ፊት ቆጥራችሁ፣ «ሥጋው በ3 ቁጥር፣ አትክልቱ በ9 ቁጥር በኩል» ማለት ይቻላል። ስትሄዱም መሄዳችሁን ተናገሩ፤ አለዚያ ለባዶ ወንበር ሲያወራ ይቆያል።

ፎቶና ሜካፕ ላይ የሚፈጸመው መገለል ስለማይወራ ሰፋ አድርገን እንጽፋለን። በፊልም ካሜራ ዘመን የፎቶ ላቦራቶሪዎች ቀለም የሚያስተካክሉት የነጭ ሴት ምስል ባለበት ማመሳከሪያ ካርድ ነበር፤ ጠቆር ያለ ቆዳ በቂ ትኩረት ሳያገኝ ብዙ ዓመታት አለፉ። ዛሬም ቢሆን የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ነው የሚሠራው። ነጭ ቬሎ ምስሉን ሲሞላው ካሜራው ብርሃን በዛ ብሎ ይቀንሳል፤ የጠቆረው ፊት ዝርዝሩን ያጣል። መፍትሔው ፊት ላይ ብቻ መለካት፣ በሮው (ካሜራው ምስሉን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት) መቅረጽ፣ ከዚያም የቬሎው ጥልፍ በብርሃን ብዛት እንዳይጠፋ ነጩን መቆጣጠር ነው። ሁለቱ ሙሽሮች የቆዳ ቀለማቸው የሚራራቅ ከሆነ ጠቆር ያለውን ወደ ብርሃኑ ቀረብ ማድረግ ይበቃል፤ ብርሃን በርቀት በፍጥነት ስለሚደክም የግማሽ ሜትር ልዩነት ፊት ላይ ይታያል። ጥቁር ጸጉርና ጥቁር ሱፍ ከጥቁር መጋረጃ ፊት ይዋጣሉ፤ ከኋላ አንድ መብራት ይጨመር። ሐምራዊና ሰማያዊ የዲኮር መብራት ቆዳን አመድ ስለሚያስመስል ፎቶ በሚነሣበት ቦታ ላይ ይጥፋ። አልቢኒዝም ያለባቸው እንግዶች ዓይናቸው ብርሃን ስለሚከብደው ፍላሹ በቀጥታ አይብራባቸው፤ ወደ ጣሪያ ወይም ወደ ግድግዳ ይተኮስ።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናለን፦ ፎቶ አንሺዎች ሳይጠየቁ ቆዳ አታንጡ። ሙሽራዋ ራሷን የማትመስልበት አልበም ስጦታ አይሆንም። ውል ስትፈራረሙ «የቆዳ ቀለም አይቀየርም» የሚል መስመር ይግባ፤ ናሙና ስትጠይቁም እናንተን የሚመስል ቆዳ ያላቸውን ሰዎች ሥራ አሳዩን በሉ።

ሜካፕም እንዲሁ ነው። የፋውንዴሽን (ከሁሉ በፊት ፊት ላይ የሚቀባው የቆዳ ቀለም ያለው ቅባት) ቀለም የሚመረጠው በመንጋጋ መስመር ላይ፣ በመስኮት ብርሃን ነው፤ የእጅ ጀርባ አይበቃም። ሲሊካ ያለበት ፓውደር፣ እንዲሁም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ወይም ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት የፀሐይ መከላከያ በፍላሽ ጊዜ ነጭ ሆኖ ይመለሳል፤ ጠቆር ባለ ፊት ላይ ደግሞ ይበልጥ ይጎላል። በሙከራው ቀን ክፍሉን አጨልማችሁ በስልክ ፍላሽ አንድ ፎቶ አንሡ፤ ያኔ ይታያል። ለምጽ ወይም ጠባሳ ያላት ሙሽራ ሲሆን «ልሸፍነው?» ተብላ ትጠየቅ፤ ውሳኔው የሷ ነው። ጸጉሯን የምትሸፍን ከሆነ ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል፣ ሴት ባለሙያና ሴት ፎቶ አንሺ አስቀድመው ይዘጋጁላት።

ምግብ ላይ አጭር ነን። ቡፌ ላይ የእያንዳንዱ ምግብ ስምና በውስጡ ያለው አለርጂ አስነሺ ነገር፣ ለምሳሌ ኦቾሎኒ፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ አሳ፣ በጉልህ ይጻፍ። ማንኪያው ከአንዱ ወደ ሌላው ከተዘዋወረ፣ ወይም ሁሉም በአንድ ዘይት ከተጠበሰ ግን ጽሑፉ ዋጋ የለውም። ከባድ አለርጂ ያለበት እንግዳ ሳህኑ ከኩሽና ተሸፍኖ በስሙ ይምጣለት። የሃይማኖት ሥርዓት የሚጠብቁ እንግዶችም ምግባቸው ለብቻው በተለየ ዕቃ ተሠርቶ በተለየ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ነው ተማምነው የሚበሉት።

ይህ ሁሉ የሚታወቀው ሲጠየቅ ነው። ጥሪው ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ «በመግቢያ፣ በመቀመጫ፣ በመስማት፣ በማየት ወይም በምግብ በኩል ልናዘጋጅልዎ የሚገባ ነገር ካለ በዚህ ስልክ ያሳውቁን»። «አካል ጉዳት አለብዎት?» ተብሎ አይጠየቅ፤ የምትፈልጉት የሚዘጋጀውን ነገር ማወቅ እንጂ የሰውን ሕመም አይደለም። መልስ መቀበያው ቀን ከሰርጉ 4 ሳምንት በፊት ቢሆን አስተርጓሚም፣ መወጣጫም ለመከራየት ጊዜ ይኖራል። መልሱን የሚሰበስብ አንድ ሰው ይሰየም። እሱም ለኩሽናው የምግቡን፣ ለአስተናጋጆቹ የመቀመጫውን ብቻ ያስተላልፍ፤ የሰው ገመና በሠራተኛው ሁሉ ስልክ ላይ አይዙር። ለተዘጋጀው ነገር ወጪው የደጋሹ ነው፤ እንግዳው አስተርጓሚውን ይዞ ይምጣ አይባልም።

የፕሮግራም ቅጾቻችንም መታየት አለባቸው። «የሙሽራዋ አባት»፣ «የሙሽራው እናት» ብለው የታተሙ ክፍት ቦታዎች ወላጅ ለሞተበት፣ አክስት ላሳደገችው፣ ወላጆቹ ለተለያዩበት ሙሽራ ያማሉ። «አብሯችሁ የሚገባው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ሁሉንም ይይዛል። ሁለት ቋንቋ የሚናገሩ ቤተሰቦች ሲጋቡ ደግሞ ንግግሩን ሁሉ ሁለት ጊዜ መድገም ሰዓቱን እጥፍ ያደርገዋል፣ ተሰሚነቱንም ይቀንሳል። ሁለት መድረክ መሪዎች አንድ ንግግር እየተቀባበሉ፣ ዋና ዋናውን ብቻ እያሻገሩ ቢሄዱ ይሠራል።

በመጨረሻ የአደጋ ጊዜ መውጫ። መብራት ሲጠፋ ወይም እሳት ሲነሣ ሊፍት አይሠራም፤ ሰውም ወደ ገባበት በር ይሮጣል። በተሽከርካሪ ወንበር ወይም በክራንች የመጡ እንግዶች የተቀመጡባቸውን ጠረጴዛዎች አስተባባሪው በዝርዝር ይያዝ፤ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሰው በስም ይመደብ፤ ደረጃ የሌለበት የትኛው መውጫ እንደሆነ ሁሉም ይወቅ። እንግዳ ከመግባቱ አንድ ሰዓት በፊት አንድ ባዶ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋችሁ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው እስከ መጸዳጃ ቤቱ፣ ከዚያም እስከዚያ መውጫ ሂዱ። የሚያሰናክለው የአበባ ማስቀመጫ፣ ገመድ ወይም የተቆለፈ በር ያን ጊዜ ይገኛል፤ ለማንሣትም ጊዜ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሰርግና በድግስ ዝግጅት ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች